የመደርደሪያው ሆድ፦ በጠባብ ኩሽና የቅመም ጠርሙሶችን አጥብቆ መስቀል

ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም ነው። ፈንታሌ አካባቢ የነበረው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ይሰማ የነበረ ሰሞን። እኔና ታናሽ እህቴ የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ሌሊት ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ የጠርሙስ ድምፅ ነበር። ኩሽና ውስጥ የደረደርኳቸው የቅመም ጠርሙሶች እርስ በርስ ቅጭል ቅጭል ይላሉ። ከዚያ አንዱ ወደቀ። ጠዋት ስናይ እናቴ ፈልፍላና አምሳ የላከችልኝ ኮረሪማ ከብርጭቆ ስብርባሪ ጋር ወለሉ ላይ ተበትኗል። ስባሪ የገባበት ቅመም ደግሞ አይለቀምም፤ ሁሉንም ደፋሁት። በጣም አዘንኩ።

እማዬ ስደውልላት «ልጄ፣ ኮረሪማው ይቅር፤ ጠርሙሱ ጭንቅላታችሁ ላይ ቢወድቅስ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ያን ቀን ነው ዕቃዎቹን በሙሉ ባሉበት ሳላስር አላድርም ብዬ የተነሳሁት።

የኛ ቤት ስቱዲዮ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስቱዲዮ የሚባለው እስከ 20 ካሬ ሜትር ያለው ቤት ነው፤ ባለ አንድ መኝታው ራሱ ከ20 እስከ 30 ካሬ ነው። ከዚህ ላይ ለኩሽና የሚደርሰውን አስቡት። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አይቆምበትም። መደርደሪያ ልጨምር ቢሉ ግድግዳ የለም። ያሉትም መደርደሪያዎች ጠባብ ናቸው፤ ከኋላ ያለውን ጥቁር አዝሙድ ለማውጣት ከፊት ያሉትን አራት ጠርሙሶች ማንሳት ግድ ነው፣ ስታነሱ ደግሞ ክንዳችሁ አንዱን ገፍቶ ይጥለዋል።

መፍትሔው ያለው ከመደርደሪያው ሥር ነው። እስቲ አሁኑኑ ተነሱና ከላይኛው መደርደሪያችሁ ሥር እጃችሁን አስገቡ። ባዶ ነው አይደል? ከታች በቆሙት ዕቃዎችና ከላይ ባለው እንጨት መካከል አንድ ስንዝር ያህል አየር ብቻ አለ። የመደርደሪያው ሆድ ልበለው። የጠርሙሱን ክዳን እዚያ ሆድ ላይ በብሎን ታስራላችሁ፤ ጠርሙሱ ደግሞ ከክዳኑ ላይ እየተጠመዘዘ ይሰቀላል፣ እየተጠመዘዘ ይወርዳል። ክዳኑ መቼም አይነሳም። ጠርሙሱን የሚይዘው የራሱ ጥርስ ስለሆነ ቤቱ ቢነቃነቅም፣ በር ቢላተምም፣ ክንድ ቢገፋውም አይወድቅም። እኔ ቤት ያሉት እንዲህ ከተሰቀሉ ወዲህ አንድም አልወደቀም።

መጀመሪያ መደርደሪያውን መርምሩ

ብሎን ከመግዛታችሁ በፊት መደርደሪያው ራሱ ይችል እንደሆነ እዩ። አንድ መካከለኛ የኦቾሎኒ ቅቤ ወይም የማርማላታ ጠርሙስ ባዶውን 200 ግራም ገደማ ይመዝናል። በርበሬ ሲሞላ 350 ግራም አካባቢ ይደርሳል። አሥራ አንድ ጠርሙስ ብትሰቅሉ ወደ 4 ኪሎ ማለት ነው፤ ከላይ የቆመው ዕቃ ሳይቆጠር። መደርደሪያውን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ወደ ታች ጫን በሉት። ትንሽም ቢሆን ከግድግዳው ላይ የሚላቀቅ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አጥብቁ።

እዚህ ላይ ኮንዶሚኒየም ቤት ነገር አለው። ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ክፍት ነው። ድሪሉ ልስኑን አልፎ ክፍቱ ጋ ሲደርስ ድንገት ስልት ብሎ ይገባል። እዚያ የገባ አጭር ፊሸር (ብሎኑን ግድግዳ ውስጥ የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ) ከብሎኑ ጋር አብሮ ይሽከረከራል እንጂ አይዝም። ድሪላችሁን መዶሻ የሚለው ላይ አታድርጉት፤ ብሎኬቱን ከውስጥ ይሰብረዋል። ዝም ብሎ እየዞረ ይብሳ። ስልት ካለባችሁ ቀዳዳውን ትንሽ ወደ ጎን አዙራችሁ ደንደን ያለ ቦታ ፈልጉ፣ ፊሸሩም ልስኑን ሙሉ በሙሉ አልፎ ብሎኬቱ ውስጥ የሚቀመጥ ረዘም ያለ ይሁን። ከማብሪያ ማጥፊያና ከሶኬት ቀጥታ በላይና ቀጥታ በታች ግን በጭራሽ አትብሱ። ገመዱ ብዙውን ጊዜ በዚያ መስመር ነው የሚወጣውና የሚወርደው። የውሃ ቧንቧው ላይም እንዲሁ ነው።

ቀጥሎ የጣውላውን ዓይነት እዩ። አብዛኛው የኩሽና መደርደሪያ ቺፕውድ ወይም ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) ነው፤ ውፍረቱም 16 ወይም 18 ሚሊ ነው። ሜትር አውጡና ለኩት፤ በዓይን አትገምቱ። የብሎኑ ርዝመት የሚወሰነው በዚህ ነው። ለ16 ሚሊ ጣውላ ባለ 12 ሚሊ ብሎን፣ ለ18 ደግሞ ባለ 16 ይበቃል። ከዚያ ከረዘመ ጫፉ በላይ በኩል ብቅ ይላል፤ አንድ ቀን መደርደሪያውን በጨርቅ ስትወለውሉ እጃችሁን ይቀድዳችኋል። ሱቅ ስትሄዱ ዝም ብላችሁ «ትንንሽ ብሎን ስጠኝ» አትበሉ። «የእንጨት፣ ባለ 12 ሚሊ፣ ውፍረቱ 3 ተኩል» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከነሮንዴላው፣ ከብሎኑ ራስ ሥር ከሚገባው ክብ ቀለበት ጋር።

የላሜራ መደርደሪያ ያላችሁ ደግሞ በእንጨት ብሎን ፋንታ ባለ ዳዶ ብሎን ነው የምትፈልጉት። በስታችሁ ከላይ ዳዶውን ታጠብቃላችሁ። የእብነ በረድ ወይም የኮንክሪት መደርደሪያ ከሆነ ግን ይህን ዘዴ ተዉት፤ ለእናንተ የሚሆነው ወደ ታች አለ።

ጠርሙስ መምረጥ

አዲስ መግዛት አያስፈልግም። የጎረቤቶቻችሁን ጠይቁ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትወርዱም ያገለገለ ጠርሙስ በየዓይነቱ ታገኛላችሁ። ቆራሌው በራችሁ ላይ ሲያልፍም አስቁሙትና የሰበሰበውን እዩ። እኔ ፎቅ ላይ ካሉት እትዬ ብቻ ስምንት የማርማላታ ጠርሙስ አግኝቻለሁ፤ «ልጥላቸው ነበር እኮ» ብለው ከነክዳናቸው ሰጡኝ።

የምትመርጡት ሁሉም አንድ ዓይነት አፍ ያለው ይሁን። ይህን ችላ እንዳትሉ። ክዳኑ ተሰቅሎ የሚቀር ስለሆነ፣ አንዱ ጠርሙስ ቢሰበር ሌላ ተመሳሳይ አምጥታችሁ እዚያው ክዳን ላይ ትገጥማላችሁ። አፉ የተለያየ ከሆነ ግን ክዳኑን ነቅላችሁ እንደገና መብሳት ነው።

ክዳኑን አገላብጡና ውስጡን እዩት። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ዙሪያውን የሚዞር ሙሉ ጥርስ ያለው ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጠምዝዞ ነው የሚለቀው። ሁለተኛው የቆርቆሮ ክዳን ሆኖ ጠርዙ ላይ አራት ወይም ከዚያ በላይ ትንንሽ ምላስ ያለው ነው፤ ሩብ ዙር ያህል ስታዞሩት ይከፈታል። ሁለቱም ይሠራሉ። ባለ ምላሱ በአንድ እጅ ይከፈታልና ወጥ እያማሰላችሁ በሌላው እጅ ማውረድ ትችላላችሁ። ግን እስከ መጨረሻው መጥበቁን ማረጋገጥ አለባችሁ፤ በግማሽ የተዘጋ ባለ ምላስ ክዳን የያዘ ይመስልና ይለቃል። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ሙሉ ጥርስ ያለውን፣ ከተቻለም የፕላስቲክ ጠርሙስ ምረጡ። ከጭንቅላት በላይ የሚሰቀል ከሆነም ፕላስቲክ ይሻላል።

ጠርሙሱን በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ። የተለጠፈው ወረቀት እምቢ ካለ ዘይት ቀብታችሁ ለአንድ ሰዓት ተዉትና በአመድ ፈትጉት፤ ሙልጭ ብሎ ይሄዳል። ከዚያ አፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ አቆዩት። በጥድፊያ እርጥብ ጠርሙስ ውስጥ የተጨመረ በርበሬ በሳምንቱ ይሻግታል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ስጡት።

ልኬቱ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ጠባብ ቦታ ላይ የሚያስቸግረው ጠርሙሱ መግባቱ አይደለም። እጃችሁ መግባቱ ነው።

የኔን ምሳሌ ልስጣችሁ። ሁለቱ መደርደሪያዎች መካከል ያለው ክፍተት 30 ሳንቲሜትር ነው። ጠርሙሱ ከነክዳኑ 11 ይሆናል። ጠርሙሱ ከክዳኑ ተላቆ እስኪወርድ 2 ሳንቲሜትር ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ሲቀነስ ከሥሩ 17 ይቀረኛል። እዚያ ላይ ሲኒዎቼን አስቀመጥኩ፤ ሲኒ 6 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። 11 ሳንቲሜትር ለእጄ ቀረ። ይበቃል። ሲኒዎቹን አንዱን በአንዱ ላይ ብደርባቸው ግን እጄ አይገባም ነበር። በሜትር ከለካችሁ በኋላም አትመኑት፤ ጠርሙሱን በእጃችሁ ይዛችሁ ሊሰቀል የታሰበበት ቦታ ላይ ያዙት፣ አንድ ሰው ደግሞ ከጎን ሆኖ ይይ። እህቴ ባታይልኝ ኖሮ የመጀመሪያውን ክዳን የቁም ሳጥኑ በር በሚመታው ቦታ ላይ ነበር የምበሳው።

በጎን በኩል ደግሞ በሁለት ጠርሙስ መካከል ሦስት ሳንቲሜትር ተዉ፤ ሁለት ጣት ማለት ነው። ስትጠመዝዙት ጣታችሁ ዙሪያውን መያዝ አለበት። የኔ ክዳን ስፋቱ 7 ሳንቲሜትር ስለሆነ ከአንዱ መሐል እስከ ሌላው መሐል 10 አደረግኩ። መደርደሪያዬ 60 ሳንቲሜትር ነው፤ 5፣ 15፣ 25፣ 35፣ 45፣ 55 ላይ ምልክት አድርጌ ስድስት ጠርሙስ ከፊት ገባልኝ። ከኋላ በኩል ደግሞ በመካከላቸው ባለው ክፍተት ትይዩ አምስት። እንደ እንጀራ ዓይን አጥር ሳይሠሩ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ የኋላው በፊተኞቹ ሁለት መካከል ስለሚታይ ምን ምን እንደሆነ ሳታወርዱ ታውቃላችሁ። የፊተኛው ረድፍ መሐል ከጠርዙ 6 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ይሁን። ወደ ጠርዝ በጣም ከተጠጋ ቺፕውዱ ይፈረፈራል፣ ግንባርም ይመታል።

መብሳትና ማሰር

ክዳኑን ውስጡን ወደ ላይ አድርጋችሁ ወፍራም የእንጨት ቁራጭ ላይ አስቀምጡት። በሚስማርና በመዶሻ ሁለት ቀዳዳ ብሱ፤ አንዱ ከሌላው በሁለት ጣት ይራቅ። አንድ ቀዳዳ መሐሉ ላይ ብቻ ከበሳችሁ ምን ይሆናል? ጠርሙሱን ስትጠመዝዙ ክዳኑም አብሮ ይዞራል። እናንተ ታዞራላችሁ፣ እሱ ይዞራል፣ ጠርሙሱ አይለቅም፤ በመጨረሻ ብሎኑ ይላላና ሁሉም ነገር እጃችሁ ላይ ይወርዳል። ሁለት ብሎን ያለው ክዳን ግን መዞር አይችልም። ትልቅ ክዳን ከሆነ ሦስት አድርጉት።

ከውስጥ ወደ ውጭ ስትበሱ የቀዳዳው ስለታም ከንፈር ወደ ውጭ፣ ወደ ጣውላው በኩል ይገለበጣል። ይህ ጥሩ ነው፤ ጣታችሁንም ቅመሙንም አይነካም። ክዳኑን ገልብጡና ያን ከንፈር በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ደፍጥጡት፤ አለበለዚያ ክዳኑ ጣውላው ላይ ልጥፍ አይልም። የፕላስቲክ ክዳን በሚስማር ሲመታ ይሰነጠቃል። እሱን በድሪል ብሱት፤ ድሪል ከሌለ ሚስማሩን በፒንሳ ይዛችሁ እሳት ላይ አግሉትና ቀስ ብላችሁ አስገቡት። መስኮት ክፈቱ፣ ጭሱን አትተንፍሱት።

አሁን ክዳኑን መደርደሪያው ሆድ ላይ ምልክቱ ጋ ያዙትና በቀዳዳዎቹ በኩል በእርሳስ ምልክት አድርጉ። 2 ሚሊ ፑንታ (የድሪል መብሻ) ወስዳችሁ ከጫፉ 10 ሚሊ ላይ ፕላስተር ጠቅልሉበት። ፕላስተሩ ጣውላውን ሲነካ ቁሙ። ይህች ትንሽ ፕላስተር ጣውላውን በስቶ ከማለፍ ታድናችኋለች። ወደ ላይ ስትበሱ ደግሞ ብናኙ ዓይን ውስጥ ነው የሚገባው፤ መነጽር አድርጉ፣ ባይኖር የፀሐይም ቢሆን።

ብሎኑን ከነሮንዴላው አስገቡና በካቻቪቴ በእጃችሁ አጥብቁ። ድሪል አትጠቀሙ። ቺፕውድ የተጠፈጠፈ የእንጨት ፍቅፋቂ ነው፤ ድሪሉ አንድ ዙር ካለፈ ጥርሱ ይፈርስና ብሎኑ ባዶውን ይሽከረከራል። በእጅ ስታጠብቁ ግን ይሰማችኋል። መጀመሪያ ልል ነው፣ ከዚያ ጠንከር ይላል፣ ሮንዴላው ክዳኑን ሲጫነው ደግሞ ጭው የሚል ትንሽ ድምፅ ያሰማል። እዚያ ላይ ሩብ ዙር ጨምሩና አቁሙ። ክዳኑን በጣታችሁ ለማዞር ሞክሩ። ፍንክች ካላለ በቃ።

ከፈረሰባችሁ ደግሞ አትጨነቁ። የክብሪት እንጨት ራሱን ቆርጣችሁ ጣሉና እንጨቱን የእንጨት ኮላ ቀብታችሁ ቀዳዳው ውስጥ አስገቡ፤ እስኪሞላ ሁለት ሦስት። የተረፈውን ቁረጡት፣ አንድ ሌሊት ይደር፣ በማግስቱ ብሎኑን መልሱ። ይህን ያሳዩኝ ሰፈራችን ያሉ ሽማግሌ አናጺ ናቸው። «ጋሼ፣ ይሄ ይይዛል?» ስላቸው «ከመጀመሪያው የበለጠ ነው የሚይዘው» አሉኝ፤ እንዳሉትም ሆነ።

አንድ ነገር ቀረ። የበሳችሁት ክዳን ቀዳዳ አለው። በብሎኑ ዙሪያ የምትቀር ክፍተት በዓይን ባትታይም እርጥበት ያስገባል፣ ጉንዳንና ነቀዝም መንገድ አያጡም። ስለዚህ ከክዳኑ ውስጥ በኩል የብሎኑን ራስ ከነሮንዴላው በሲልከን ሸፍኑት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ብረት ያዝጋል፤ ሌላውን ጠይቁ፤ ለምግብ ዕቃ የሚሆን ካገኛችሁ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። ጣታችሁን በሳሙና ውሃ ነክራችሁ ደልደል አድርጉት። ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይሞላው ጠርሙሱን አትግጠሙ። እኔ ቸኩዬ በማታው የገጠምኩት አንድ ጠርሙስ ነበረ፤ መከለሻው ለሁለት ወር ሲልከን ሲልከን ይሸት ነበር። አጠፋሁት።

ሙከራ

የመጀመሪያውን ሌሊት ቅመም አትሙሉበት። ጠርሙሱን በአሸዋ ወይም በሳንቲም ሙሉት። በርበሬ ከሞላው ጠርሙስ ቢያንስ እጥፍ ይክበድ። ከሥሩ ወፍራም ፎጣ አንጥፉና ስቀሉት። ጠዋት ክዳኑና ጣውላው መካከል ወረቀት አስገቡ፤ ወረቀቱ ከገባ ብሎኑ እየተነቀለ ነው። ካልገባ ይዟል። ሁሉንም እንዲህ መሞከር ያደክማል፣ ግን ከእናት ቤት የመጣ ቅመም ነው የምትሰቅሉት።

የሚሰቀለውና የማይሰቀለው

የሚሰቀለው በትንሽ በትንሹ የሚወጣው ነው፦ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ሚጥሚጣ፣ መከለሻ፣ እርድ፣ ቅርንፉድ፣ ሄል፣ አብሽ፣ ቀረፋ፣ ጦስኝ። ሽሮና የወጥ በርበሬ ዋናው ክምችት በትልቅ ዕቃ ታች ይቀመጥ፤ ለሳምንት የሚሆነውን ብቻ ወደ ጠርሙሱ ገልብጡ። ቅቤ፣ ማርና ዘይት ግን አይሰቀሉም። ይከብዳሉ፤ ቅቤ ደግሞ ኩሽናው ሲሞቅ ይቀልጥና በክዳኑ ዙሪያ ይወዛል፤ አንዴ የቀባው ጥርስ ደግሞ ያንሸራትታል።

የዱቄት ነገር ሲሞላ ሦስት አራተኛ ላይ አቁሙ። ከዚያ ካለፈ ክዳኑ ላይ ይጣበቅና ስትከፍቱ ዓይናችሁ ላይ ይዘንባል። ሚጥሚጣ ቢሆን አስቡት። ሁልጊዜ ከመክፈታችሁ በፊት ጠርሙሱን በጥፍራችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ኳ ኳ አድርጉት፤ ክዳኑ ላይ ያለው ይወርዳል። ከሥሩ ቀና ብላችሁም አትክፈቱ።

ቦታውም ይታሰብበት። ከምድጃው ቀጥታ በላይ ያለው መደርደሪያ ለቅመም ጠላት ነው። እንፋሎቱ ጠርሙሱ በተከፈተ ቁጥር ይገባል፣ ሙቀቱም ጠረኑን ያተነዋል። ፀሐይ የሚመታው መስኮት አጠገብም በርበሬ ቀይነቱን ያጣል፤ እየደበዘዘ ሄዶ ቡኒ ይሆናል። ሌላ ቦታ ከሌላችሁ ጠርሙሱን ከውጭ በወረቀት አልብሱት። ስሙንም ወረቀቱ ላይ ጻፉ። መደርደሪያው ከዓይናችሁ በላይ ከሆነ ስሙ የሚጻፈው ጠርሙሱ ቂጥ ላይ ነው፤ ከሥር የሚታየው እሱ ነዋ።

ግድግዳም ጣውላም አትብሱ ለተባላችሁ

ተከራይ ሆናችሁ አከራያችሁ ሚስማር አይፈቅዱም እንበል። ወይም መደርደሪያው ኮንክሪት ነው።

ከላይ የቆሙትን አጥር ሥሩላቸው። ቀጭን ጣውላ ወይም የተወጠረ ሽቦ ከመደርደሪያው አንድ ጎን ወደ ሌላው ጎን ዘርጉ፤ ከፍታው የጠርሙሱ ግማሽ ላይ ይሁን። በጣም ዝቅ ካለ ጠርሙሱ ከላይ ተገልብጦ ይወድቃል፣ በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ለማውጣት ያስቸግራል። ሽቦውን በመደርደሪያው ማቆሚያ ብረቶች ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ፣ ያ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ገመድ የሚያስሩበት፣ ብታስሩት ምንም መብሳት አያስፈልግም። ከጠርሙሶቹ ሥር ደግሞ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቀድዳችሁ አንጥፉ። በሳሙና አጥባችሁ። ጠርሙሱ በላዩ ላይ አይንሸራተትም።

ማግኔትም አለ። የተበላሸ ስፒከር ውስጥ ያለው ክብ ማግኔት ኃይለኛ ነው፤ ሬዲዮ ጠጋኞች ጋ ጠይቁ። የዱቄት ወተትን ቆርቆሮ የመሰሉትን ትንንሽ ጣሳዎች ፍሪጅ ጎን ላይ ይይዛል። ጣሳው በማግኔት መሳቡን አስቀድማችሁ ሞክሩ፤ አሉሚኒየም ከሆነ አይሳብም። የብርጭቆ ጠርሙስ ግን በማግኔት አልሰቅልም። የፍሪጅ በር በኃይል ሲዘጋ ይንሸራተታል።

ሁለት ጎኑ የሚያጣብቅ ቴፕ ቀላል የፕላስቲክ ብልቃጥ ይይዛል፤ ከዚያ በላይ አትጠይቁት። ኩሽና ውስጥ ያለ ግድግዳ ሁሉ የዘይት ብናኝ አለበት፤ መጀመሪያ በሳሙና፣ ቀጥሎ በአልኮል ጥረጉትና ይድረቅ። ከለጠፋችሁ በኋላም አንድ ቀን ሳይሞላው አታስጭኑት። ጀሶ ወይም የሚቦንን ቀለም ያለው ግድግዳ ላይ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ ቴፑ ቀለሙን ገሽልጦ ነው ይዞ የሚወርደው።

ግድግዳ ላይ ተጭኖ የሚጣበቀውን የላስቲክ ማንጠልጠያ በተመለከተ አንድ የማያስቡት ነገር አለ። ያ ነገር የሚይዘው አየሩ ከውጭ ስለሚጫነው ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ የአየሩ ግፊት እዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ካርቶኑ ላይ 2 ኪሎ ይችላል ቢል፣ እኛ ጋ ቢበዛ አንድ ተኩል ብላችሁ አስቡት፤ ሴራሚኩ ደግሞ ልሙጥና ንጹሕ ከሆነ ነው። እኔ የወጥ ቤት ፎጣ ብቻ ነው የምሰቅልበት።

ስትነቅሉት

በየጥቂት ወሩ፣ እኔ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ቤት ሳጸዳ ነው የማደርገው፣ ጠርሙሶቹን በሙሉ አውርዱና ክዳኖቹን አንድ በአንድ በጣታችሁ ለማዞር ሞክሩ። የላላውን በካቻቪቴ አንድ ጊዜ ቆንጠጥ ማድረግ ነው። የክዳኑን ውስጥ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ ውሃ አታስነኩት። ቤት የምትለቁ ከሆነ ብሎኖቹን ፍቱ፣ ቀዳዳዎቹን በእንጨት ብናኝና በኮላ ሙሉ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አልስልሱት፤ የመደርደሪያው ሆድ ስለሆነ ማንም አያየውም። ክዳኖቹንም አትጣሉ። ሲልከኑን በጥፍር ስትጎትቱት ተልጦ ይወጣል፤ ክዳኖቹን ከነብሎናቸው በአንድ ፌስታል ቋጥራችሁ ያዙ፣ ጠርሙሶቹ ለጉዞው ሌላ ክዳን ይፈልጋሉ ወይም አፋቸውን በላስቲክ ሸፍናችሁ በክር ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሯቸው። አዲሱ ቤት ስትደርሱ መጀመሪያ የጣውላውን ውፍረት ለኩ።